የኋላ አሞርዛተርን በራስ መቀየር፦ ከመግዛት በፊት የሚለኩ ነገሮችና የአገጣጠሙ ሥርዓት

ጥያቄ፦ «ሞተር ሳይክሌ ለመንገድ የተሠራ፣ በኋላ በኩል አንድ አሞርዛተር ብቻ ያለው መካከለኛ ሞተር ነው። ጉብታ ካለፍኩ በኋላ ኋላው ደጋግሞ ይዘላል፤ ሰው ስጭን ደግሞ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ ይመታል። ከተፈታታ የስፖርት ሞተር ላይ የወጣ፣ የጋዝ ጠርሙስ ያለው አሞርዛተር አግኝቻለሁ፤ ከእኔው በ10 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ራሴ ልገጥመው እችላለሁ? ምን ምንስ ማረጋገጥ አለብኝ?»

ምላሽ፦ ሥራውን ራስዎ መሥራት ይችላሉ፤ መፍታቱና መግጠሙ መጠነኛ የመሣሪያ ልምድ ላለው ሰው ከግማሽ ቀን አያልፍም። ከባዱ ነገር ያገኙት አሞርዛተር ለእርስዎ ሞተር የሚስማማ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ነው፤ ይህም የሚታወቀው በመልኩ ወይም በወጣበት ሞተር ትልቅነት ሳይሆን በመለኪያ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሊለኩ የሚገባቸውን በሰፊው፣ የመፍታቱን ሥራ ደግሞ በአጭሩ እገልጻለሁ።

በቅድሚያ፣ በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጉድለቶች ተቀላቅለዋል። ሞላው የሞተሩንና የተሳፋሪውን ክብደት ይሸከማል፣ ጉብታ ሲመጣም ተጨምቆ ኃይል ያጠራቅማል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ዘይት ደግሞ በፒስተኑ ጠባብ ቀዳዳዎችና ስስ ቫልቮች በኩል እየተገፋ ያንን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ ያጠፋዋል። ጉብታ ካለፉ በኋላ ኋላው ደጋግሞ የሚዘለው ይህ የዘይቱ ሥራ ሲዳከም ነው፤ ዘይቱ አርጅቶ ቀጥኗል፣ አፍስሷል፣ ወይም ጋዙ ወጥቷል ማለት ነው። ሰው ሲጭኑ እስከ መጨረሻው የሚመታው ግን በአብዛኛው ሞላው ለክብደቱ ስለሚላላ፣ ወይም ሞላውን አስቀድሞ የሚያስጨንቀው ቀለበት፣ ማለትም ፕሪሎዱ፣ ስላልተስተካከለ ነው። ሁለቱን ለይቶ ያላየ ሰው ውድ አሞርዛተር ገጥሞም ከግማሹ ችግር ጋር ይቀራል።

የሞላውን ሁኔታ ለማወቅ የሚያስፈልጉት አንድ ሜትርና አንድ ረዳት ብቻ ናቸው። ከኋላ ጎማው ዘንግ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ በሚገኝ የማይንቀሳቀስ አካል ላይ፣ ለምሳሌ በኮርቻው ሥር ባለ ቡሎን ላይ፣ ምልክት ያድርጉ። በመጀመሪያ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሙሉ በሙሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከዘንጉ እስከ ምልክቱ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ቀጥሎ ሞተሩ ያለ ነጂ በሁለት ጎማው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ ይለኩ፤ በመጨረሻም ዘወትር የሚለብሱትን ለብሰው፣ የራስ ቁርዎን አድርገው፣ እግርዎንም በማሳረፊያው ላይ አስቀምጠው ሲቀመጡ ረዳትዎ ይለካ። የመጀመሪያው 600፣ ሁለተኛው 588፣ ሦስተኛው 566 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ሞተሩ በራሱ ክብደት በ12፣ ከእርስዎ ጋር ደግሞ በ34 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ይህም ለመንገድ ሞተር ጥሩ ልክ ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ከነጂው ጋር ከ30 እስከ 40፣ ያለ ነጂው ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝቅታ እንደ መነሻ ይወሰዳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኮርቻውን ወደ ታች ተጭነው ቀስ ብለው ሲለቁት የሚያገኙት ቁጥር፣ ወደ ላይ አንስተው ቀስ ብለው ሲለቁት ከሚያገኙት ይለያል፤ ሰበቡ ሰበቃ ነው። ሁለቱን ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ አያሳስብም፤ ሰፊ ከሆነ ግን ጥፋቱን ከአሞርዛተሩ በፊት በኩሽኔታዎቹ ላይ ይፈልጉ፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ያለ ነጂና ከነጂው ጋር የተለኩት ሁለቱ ዝቅታዎች አንድ ላይ ሲነበቡ ብዙ ይናገራሉ። ከነጂው ጋር ያለውን ዝቅታ በፕሪሎድ ቀለበቱ ወደ 35 ሚሊ ሜትር ካመጡት በኋላ፣ ሞተሩ በራሱ ክብደት ጨርሶ የማይወርድ ከሆነ ሞላው ላልቷል፤ ልኩን ያገኙት ከመጠን በላይ አስጨንቀውት ነው። በተቃራኒው ሞተሩ በራሱ ክብደት ብቻ 20 እና ከዚያ በላይ የሚወርድ ከሆነ ሞላው ለእርስዎ ክብደት ጠንካራ ነው። ፕሪሎድን ማጥበቅ ሞላውን ጠንካራ እንደሚያደርገው ብዙ ሰው ያምናል፤ እንዲያ አይደለም። ቀለበቱ የሚለውጠው ሞተሩ የሚቆምበትን ከፍታ ነው፤ የሞላው ጥንካሬ የሚለወጠው ሞላው ራሱ ሲለወጥ ነው። ከዚህ የተነሳ የእርስዎ ልኬት ሞላው መላላቱን ካሳየና አሞርዛተሩ ሊከፈትና ሊታደስ የሚችል ዓይነት ከሆነ፣ ዘይቱን በባለሙያ አስለውጦ ተስማሚ ሞላ መግጠሙ ከማንኛውም የሌላ ሞተር አሞርዛተር የተሻለ ውጤት ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። አሁን በሞተርዎ ላይ ያለው አሞርዛተር የማይከፈት ከሆነ ግን ወደ ልውውጡ መሄድ ምክንያታዊ ነው።

አሁን ወደ ተገኘው አሞርዛተር እንምጣ። «በ10 ሚሊ ሜትር ይረዝማል» ሲሉ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አሞርዛተሩ ጎማው ዘንግ ላይ ሳይሆን የኋላ ጎማውን ወደሚይዘው ክንድ ሥር ተጠግቶ ስለሚታሰር፣ እርሱ 1 ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ ጎማው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። የእርስዎን ሞተር ውድር፣ ማለትም ጎማው ከአሞርዛተሩ ስንት እጥፍ እንደሚንቀሳቀስ፣ ለማወቅ አሞርዛተሩን አውጥተው ጎማውን 50 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ያንሱና በላይኛውና በታችኛው የቡሎን ቀዳዳ መካከል ያለው ርቀት ስንት እንደቀነሰ ይለኩ። 20 ሚሊ ሜትር ቀንሶ ከሆነ ውድሩ 2.5 ነው፤ የ10 ሚሊ ሜትር ጭማሪም የሞተርዎን ኋላ በ25 ሚሊ ሜትር ከፍ ያደርጋል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 1400 ሚሊ ሜትር ርቀት ባለው ሞተር ላይ ይህ መላውን ቴላዮ በ1 ዲግሪ ገደማ ወደ ፊት ያዘነብለዋል። የመሪው አንገት ቀጥ ይላል፣ የፊት ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ ከመሪው መስመር ያለው ርቀትም በተለመደ የጎማ መጠን በ6 ሚሊ ሜትር ያህል ያንሳል፤ ሞተሩ ወደ ኩርባ ለመግባት ይፈጥናል፣ በከፍተኛ ፍጥነት ግን መሪው ይቀላል፣ መንቀጥቀጥም ሊጀምረው ይችላል። የጎን መቆሚያው ስለሚያጥር ሞተሩ ሲቆም ከልክ በላይ ይጋደማል፤ የፊት መብራቱም ወደ መሬት ይወርዳል። ሁለት አሞርዛተር በግራና በቀኝ ባላቸው ሞተሮች ላይ ውድሩ ለ1 ስለሚቀርብ የርዝመት ለውጡ እንዲህ አይበዛም፤ በእርስዎ ዓይነት ላይ ግን የመጀመሪያው ልውውጥ ከዋናው ርዝመት ባይርቅ እመርጣለሁ። ርዝመቱ በታችኛው ጆሮ ላይ የሚስተካከል አሞርዛተር ከሆነ ችግሩ ግማሽ በግማሽ ተፈቷል።

ይሁንና አብዛኛው ሰው ዘንግቶት የሚያልፈው ልኬት ሌላ ነው፤ ይኸውም አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ የሚቀረው ርዝመት ነው። የእርስዎ አሞርዛተር ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል 300 ሚሊ ሜትር ቢሆንና 52 ሚሊ ሜትር ቢጨመቅ፣ መጨረሻው 248 ነው። ያገኙት 310 ሆኖ 65 የሚጨመቅ ቢሆን መጨረሻው 245 ይሆናል። እንግዲህ ረጅሙ አሞርዛተር መጨረሻው ላይ ከአጭሩ በ3 ሚሊ ሜትር ያንሳል፣ ጎማዎም እስከ ዛሬ ደርሶበት ከማያውቀው ቦታ በ7 ሚሊ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ይገባል ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ፓራፋንጎው፣ የመብራት ሽቦዎች፣ የባትሪው ሳጥን ወይም የጭስ ማውጫው ክርን ይጠብቁታል። ጎማው ፓራፋንጎውን የሚነካው ደግሞ ሰው ጭነው በፍጥነት ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ፣ ማለትም በከፋው ሰዓት ነው። ዘንጉ ላይ ያለው ማቆሚያ ላስቲክ ከዚያ በፊት ያስቆመዋል የሚል ክርክር ይነሳል፤ ላስቲኩ ግን እጅግ ስለሚጨመቅ፣ ይባስ ብሎም በአሮጌ አሞርዛተር ላይ ተሰባብሮ ስለሚገኝ፣ እንደሌለ ቆጥሮ ማስላቱ ይሻላል።

ይህንን በወረቀት ላይ ከማስላት ይልቅ በዓይን ማየት ይቻላል፤ ዘዴውም ቀላል ነው። 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ይውሰዱና የአሞርዛተሩ ቡሎኖች ልክ የሚሆኑ ሁለት ቀዳዳዎችን ከመሃል እስከ መሃል በትክክል በአዲሱ አሞርዛተር የመጨረሻ ጭምቅ ርዝመት ልክ፣ በምሳሌያችን 245 ሚሊ ሜትር፣ አራርቀው ይብሱ። ሞላ የሌለው፣ የማይንቀሳቀስ ሐሰተኛ አሞርዛተር ሆነልዎ ማለት ነው። ጎማውን በክሪክ አንስተው ብረቱን በቦታው በቡሎን ይሰሩት፤ አሁን የኋላው ክንድ በእውነተኛው የመጨረሻ ከፍታ ላይ ቆሟል። ጎማውን በእጅዎ ቀስ ብለው እያዞሩ በዙሪያው ሁሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖሩን፣ ካቴናው ምንም አለመንካቱን፣ የፍሬን ቱቦው አለመታጠፉን ይመልከቱ። ጎማ ሲሞቅና በፍጥነት ሲሽከረከር ጥቂት ስለሚያድግ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ካልቀረ አሞርዛተሩን ይተዉት። ቀጥሎ በዚያው ብረት ላይ ከመጀመሪያው ቀዳዳ በአዲሱ አሞርዛተር ሙሉ ርዝመት፣ በምሳሌያችን በ310 ሚሊ ሜትር፣ ሦስተኛ ቀዳዳ ይብሱና ክንዱን ወደ ታች አውርደው ይሰሩት፤ በዚህኛው ከፍታ የሚመረመረው ሌላ ነው፦ ካቴናው የክንዱን የላይ መከላከያ ፕላስቲክ አጥብቆ ይጋጨው እንደሆነ፣ የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው ተወጥረው እንደሆነ፣ ሊንኬጁም፣ ማለትም በብዙ ሞተሮች ላይ አሞርዛተሩን ከክንዱ ጋር የሚያገናኙት ተንቀሳቃሽ ብረቶች፣ ከተፈቀደለት ማዕዘን አልፎ ሊገለበጥ ተቃርቦ እንደሆነ ይታያል። ብረቱ ለመመርመሪያ ብቻ ነው፤ በእርሱ ላይ ሞተሩን አንድ ሜትር እንኳ መንዳት አይገባም።

ስለ ሞላው ደግሞ፣ «ከትልቅ ሞተር የወጣ ስለሆነ ጠንካራ ነው» የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ ያሳስታል። በጎማው ላይ የሚሰማው ጥንካሬ የሞላው ጥንካሬ ለውድሩ ካሬ ተካፍሎ የሚገኝ ነው። 90 ኒውተን በሚሊ ሜትር የሆነ ሞላ ውድሩ 2 በሆነ ሞተር ላይ በጎማው 22.5 ይሆናል፤ ያው ሞላ ውድሩ 2.5 በሆነው በእርስዎ ሞተር ላይ 14.4 ብቻ ይሆናል። በመሆኑም በወጣበት ሞተር ላይ ድንጋይ የነበረ ሞላ በእርስዎ ላይ ሊላላ ይችላል፤ ዘይቱን የሚቆጣጠሩት ቫልቮችም ለዚያኛው ውድር የተስተካከሉ ናቸው። በዚህ ላይ ካዋሳኪ በዩኒ-ትራክ፣ ሆንዳ በፕሮ-ሊንክ፣ ሱዙኪ በፉል ፍሎተር ስም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያስፋፉት የሊንኬጅ አሠራር ውድሩን በእንቅስቃሴው መካከል እየለወጠ ይሄዳል፤ ሊንኬጅ ከሌለው ሞተር የወጣ አሞርዛተር ሊንኬጅ ባለው ላይ ሲገጠም እንደ ቀድሞው የማይሠራው ለዚህ ነው። የሞላው ጥንካሬ ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ በኒውተን ወይም በኪሎ ግራም በሚሊ ሜትር ተጽፎ ይገኛል፤ 1 ኪሎ ግራም 9.8 ኒውተን ነው። ካልተጻፈ የሽቦውን ውፍረት በካሊፐር ይለኩ፤ ጥንካሬው ከውፍረቱ አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ የቀረው ሁሉ እኩል ሆኖ ከ12 ወደ 12.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢወፍር ጥንካሬው በ18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሞላን ቆርጦ ማሳጠር ግን ጨርሶ የማልመክረው ነገር ነው፤ የተቆረጠው ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለማይቀመጥ ዘንጉን ወደ ጎን እየገፋ ያጎብጠዋል።

የማሰሪያ ጆሮዎቹን ስፋትና የቀዳዳዎቹን ዲያሜትር ያመሳክሩ። የቡሎኑ ቀዳዳ ከሰፋ በልኩ የተቀረጠ የብረት ቡሽ ይግባበት፤ ጆሮው ከጠበበ ክፍተቱ በግራና በቀኝ በሁለት ሙሉ ቀለበቶች ይሞላ። የሮንዴላ ክምር ወይም የተጠቀለለ ቆርቆሮ አይሆንም፤ ከጊዜ በኋላ ይደቅቃል፣ ቡሎኑም ይላላል። ጆሮውን መበየድ፣ ቀዳዳውን ሞላላ አድርጎ ማስፋት፣ ወይም ሊንኬጁን በአጭር ብረት ቀይሮ ከፍታን ማስተካከል በዚህ ደረጃ ከሥራዎ ውጭ ይሁን።

የጋዝ ጠርሙሱን በተመለከተ፣ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ነው፤ ግፊቱም ብዙ ጊዜ በ10 ባር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ደረቅ ስለሆነ ውኃ ወደ ዘይቱ አያስገባም፤ ግፊቱም ዘይቱ በፍጥነት ሲንቀሳቀስ አረፋ እንዳይሠራ ይከለክላል። በጠርሙሱ ላይ ያለው ቫልቭ የጎማ ቫልቭ ስለሚመስል በጎማ መለኪያ ለማየት እጅ ይበላል፤ አይንኩት። የጋዙ መጠን እጅግ ትንሽ በመሆኑ መለኪያው ሲሰካ የሚያመልጠው ብቻ ግፊቱን ያወርደዋል፣ ያነበቡት ቁጥርም ሐሰት ይሆናል። ሞላውንም ያለ ትክክለኛ መጭመቂያ መሣሪያ ለማውጣት አይሞክሩ፤ ተጨንቆ የተቀመጠ ሞላ ሲፈናጠር አጥንት ይሰብራል። ጋዝና ዘይት በጎማ ከረጢት ወይም በተንሳፋፊ ፒስተን የተለያዩበት አሞርዛተር ተገልብጦም ይሠራል፤ ሁለቱ ተደባልቀው የሚኖሩበት ዓይነት ግን አካሉ ወደ ላይ፣ ዘንጉ ወደ ታች ሆኖ ብቻ ነው የሚገጠመው። ጠርሙሱን ከጭስ ማውጫው አርቀው ይሰሩት፤ ቱቦውም በሁለቱም የክንድ ከፍታዎች እንደማይወጠርና እንደማይሰበር ቅድም በሠሩት ብረት ታግዘው ያረጋግጡ።

ያገለገለ አሞርዛተር ሲገዙ ዘንጉን በጥፍርዎ ይዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም የዝገት ነጠብጣብ ካለበት አዲስ መከላከያ ጎማም ቢገባለት ማፍሰሱ አይቀርም። በዘንጉ ላይ ስስ የዘይት ፊልም ማየት የተለመደ ነው፤ የሚንጠባጠብ ወይም አቧራ የለወሰ ዘይት ግን አይደለም።

ወደ መፍታቱ ስንመጣ፣ ሞተሩን የኋላውን ክንድ በሚደግፍ መቆሚያ ላይ አያቁሙት፤ አሞርዛተሩ ሲወጣ ክንዱ ነጻ ሊሆን ስለሚገባ ክብደቱን መሸከም ያለበት ቴላዮው ነው። መሃል መቆሚያ ካለው ይበቃል፤ ከሌለው በእግር ማሳረፊያዎቹ ሥር ወይም አምራቹ በፈቀደው የቴላዮ ክፍል ይደገፍ፣ የፊት ፍሬኑም በገመድ ታስሮ ይያዝ። ከጎማው ሥር እንጨት ወይም ክሪክ ያስገቡና ከፍታውን ቀስ በቀስ ያስተካክሉ፤ ክብደቱ ልክ ሲነሳለት ቡሎኑ በሁለት ጣት ተስቦ ይወጣል። መዶሻ ካስፈለገዎ የጎማው ከፍታ ልክ አይደለም ማለት ነው፤ መምታትዎን ትተው ክሪኩን ጥቂት ዝቅ ወይም ከፍ ያድርጉ። ከመፍታትዎ በፊት የእያንዳንዱን ቡሎን አቅጣጫና የሮንዴላዎቹን ቅደም ተከተል ፎቶ ያንሱ።

አሞርዛተሩ በወጣበት ሰዓት ሊንኬጁን ሳይፈትሹና ግራሶ ሳይሰጡ መልሶ መግጠም እድልን ማባከን ነው። ከሞተሩ ሥር፣ ጭቃና ውኃ በሚረጭበት ቦታ ተቀምጦ ዓመታት የሚያሳልፍ ክፍል ነው፤ በብዙ ሞተሮች ላይ የግራሶ መስጫ እንኳ የለውም። የውስጡን ቡሽ አውጥተው የመርፌ ኩሽኔታዎቹን ይመልከቱ፦ ቡናማ ዱቄት ካገኙ ዝገት ጀምሯል፤ ቡሹ ላይ የመርፌዎቹ ቅርጽ መስመር መስመር ሆኖ ከታተመ ሁለቱም ይለወጡ። ደህና ከሆኑ አሮጌውን ግራሶ በጨርቅና በኬሮሲን አጥበው፣ ካደረቁ በኋላ ውኃ የሚቋቋም አዲስ ግራሶ በመርፌዎቹ መካከል በጣት ይሙሉ። ያንጊዜም ክንዱን በእጅዎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፉት፤ የሚንኳኳ ልቅነት ከተሰማዎ የክንዱ ዋና ኩሽኔታም አልቋል። ከዚህ በላይ እንደገለጽኩት፣ ኮርቻውን ተጭነውና አንስተው ሲለቁት የሚገኙት ሁለቱ የዝቅታ ልኬቶች እጅግ የሚለያዩት ብዙ ጊዜ በእነዚህ ምክንያት ነው፤ እነርሱን ማስተካከል ብቻውን ሞተሩን ሌላ ሞተር የሚያስመስልበት ጊዜ አለ።

ሲገጥሙ ቡሎኑን በአካሉ ላይ ቀጭን ግራሶ ይቀቡት፤ ጥርሱን ግን መመሪያው ካላዘዘ ደረቅ ይተዉት፤ ግራሶ የነካው ጥርስ በተመሳሳይ ኃይል ሲጠብቅ ከሚገባው በላይ ይወጠራል። ናይለን ያለባቸውን ዳዶዎች በአዲስ ይተኩ፣ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) የሚያጠብቁበትን ልክ ከሞተርዎ የአገልግሎት መመሪያ ይውሰዱ።

ከዚያ በኋላ የካቴናውን ልቅነት እንደገና ይለኩ፤ ይህ በጣም ይዘነጋል። ካቴናው ከሁሉ በላይ የሚወጠረው የፊቱ የካቴና ጥርስ፣ የክንዱ ማጠፊያና የኋላው ዘንግ በአንድ መስመር ሲውሉ ነው። የሞተሩ ኋላ ከፍ ካለ በመቆሚያ ላይ ልክ የሚመስለው ካቴና ሰው ሲጭኑ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይጎዳል። ስለዚህ ከባድ ረዳት አስቀምጠው ወይም ኋላውን በማሰሪያ ስበው ሦስቱ በአንድ መስመር ሲውሉ ጥቂት ልቅነት መቅረቱን ያረጋግጡ።

ማስተካከያው በቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ ዝቅታውን በፕሪሎድ ልክ ያድርጉ። ቀጥሎ ሪባውንድ የሚባለውን፣ ማለትም ተጨምቆ ሲመለስ ያለውን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ቁልፍ፣ ወደ ቀኝ እስኪቆም በቀስታ ያዙሩትና ወደ ግራ እየቆጠሩ እስከ መሃል ይመልሱት። ኮርቻውን አጥብቀው ተጭነው ሲለቁት ኋላው አንድ ጊዜ ተነስቶ መቆም አለበት። ከፍ ብሎ እንደገና ከወረደ ያጥብቁ። ተከታታይ ጉብታዎች ላይ ኋላው እየወረደ ሄዶ የሚደነድን ከሆነ ግን አጥብቀውታል፤ ከአንዱ ጉብታ ሳይመለስ ሁለተኛው እየደረሰበት ነው። ፕሪሎዱንና ሪባውንዱን አንድ ላይ አይለውጡ፤ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ፣ የሪባውንዱንም ቁልፍ በሁለት ነጥብ (ሲዞር ሁለት ጊዜ «ቀጭ» እስኪል) ብቻ ለውጠው፣ በዚያው መንገድ ላይ ይሞክሩት። ቁልፉ እስከ መጨረሻው ተጠብቆም መዝለሉ ካልቆመ የአሞርዛተሩ ቫልቮች ለእርስዎ ሞላና ውድር አይመጥኑም፤ ይህን ከውጭ በማስተካከል አያገኙትም፣ ባለሙያ ከፍቶ ሊቀይራቸው ይገባል።

የመጀመሪያውን ጉዞ ብቻዎን፣ በዝግታ ያድርጉ። ከመቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ሁሉንም ቡሎኖች በቶርክ ሬንች ዳግም ይፈትሹ፣ በፓራፋንጎው ውስጠኛ ገጽ ላይ የጎማ ምልክት መኖር አለመኖሩን በባትሪ ይዩ፣ የፊት መብራቱን ከፍታ ያስተካክሉ፣ የጎን መቆሚያውም ሞተሩን ከልክ በላይ እንደሚያጋድመው ካዩ በልኩ ረዝሞ የተሠራ ይግጠሙ። ሰው ጭነው የሚሄዱት ይህ ሁሉ ከተጣራና የሁለታችሁ ክብደት ላይ ሆኖ ዝቅታው ዳግም ተለክቶ ፕሪሎዱ ከተስተካከለ በኋላ ይሁን። አሮጌውን አሞርዛተርም እስከዚያ ድረስ አይሽጡት።